ለ.327 ማግነም አንድ ባሩድ ይበቃል ወይ?

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «.327 ፌዴራል ማግነም ሪቮልቨር አለኝ። ያለኝ ባሩድ ኤች 110 ብቻ ነው። ጠንካራውንም ጥይት፣ ለልምምድ የሚሆን ለስላሳውንም በእሱ መሙላት እችላለሁ?»

ጠንካራውን አዎ። ለስላሳውን በፍጹም። ለምን እንደሆነ ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ። ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር፤ የእጅህና የዓይንህ ጉዳይ ነው።

ኤች 110 ፍሬው ድቡልቡል የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ነው። በቀላሉ አይቀጣጠልም። በደንብ የሚነደው ቀለሁ (ባሩዱ የሚገባበት ቀፎ) ሞላ ሲል፣ ከላዩ ከበድ ያለ አረር (ተተኩሶ የሚሄደው ክፍል) ሲቀመጥና የቀለሁ አፍ አረሩን ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው ነው። ያኔ ግፊቱ ቶሎ ይነሳል፣ እሳቱም ይያያዛል። መጠኑን ስትቀንስ ቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ግፊቱ በቂ አይሆንም፣ አነዳደዱም ከጥይት ጥይት ይለያያል። ባሩዱን የሚያቀርበው ሆጅደን ራሱ ከከፍተኛው መጠን ከ3 በመቶ በላይ እንዳትቀንስ ያስጠነቅቃል። በ3 በመቶ ቅነሳ ደግሞ ለስላሳ ጥይት አይወጣም፤ እጅህ ልዩነቱን እንኳ አያውቀውም።

ከዚያ በታች ስትወርድ መጀመሪያ የምታየው ያልነደደ ፍሬ ነው። ቢጫማ ሆኖ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል፣ ሲሊንደሩን ስትከፍት ይረግፋል። አንዷ ፍሬ ቀለህ ማውጫው ኮከብ ስር ከገባች ቀለሁ እስከ መጨረሻው አይቀመጥም፣ ሲሊንደሩም አልዞርም ይላል። ይሄ ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ አረሩ በርሜል ውስጥ ሲቀር ነው። ድምፁ «ፕፍ» ይላል፤ ሰውየው ሳያስተውል ቃታውን ደግሞ ከሳበ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። እንዲህ ያለ ደካማ ድምፅ ከሰማህ አቁም። ሽጉጡን ባዶ አድርግና በርሜሉን በዘንግ ፈትሽ።

እንግዲህ ለልምምድ ምን ይሁን? መካከለኛ ፍጥነት ያላቸው ባሩዶች አሉ፤ ዩኒክ፣ ዩኒቨርሳል፣ ኤችኤስ-6። ፈጣኖቹም አሉ፤ ቡልስአይና ታይትግሩፕ። ሁሉም በትንሽ መጠን ይነዳሉ፣ ለእርሳስ አረርም ይስማማሉ። በፈጣኖቹ ላይ ግን አንድ ስጋት አለ። የሚገባው መጠን በጣም ትንሽ ስለሆነ ሳታውቀው ሁለት ጊዜ ብትጨምርበት ቀለሁ ሞልቶ አያጋልጥህም። ስለዚህ አረር ከማስቀመጥህ በፊት የተሞሉትን ቀለሆች ሁሉ በባትሪ እያበራህ እይ። የባሩዱ ከፍታ በሁሉም እኩል መሆን አለበት። ጥርጣሬ ያሳደረብህን ገልብጠህ እንደገና ስፈር።

ትንሽ ካሊበር ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር የቀለሁ አፍ ጥበት ነው። ዩኒክ ጠፍጣፋ ቅርፊት መሰል ፍሬ ያለው ባሩድ ነው። በሰፊ ቀለህ ላይ ብዙም አያስቸግርም። እንደ .327 ባሉት የ.32 ቀለሆች ግን መውረጃው ቱቦ ላይ ቅርፊቶቹ ተደጋግፈው ይቆማሉ። የመስፈሪያውን እጀታ ስትስበው ትንሽ ይንገጫገጫል። አንዱ ቀለህ ጎደሎ ይቀበላል፣ ቀጣዩ ደግሞ የራሱንና የቀረውን አንድ ላይ ይወስዳል። ድቡልቡል ፍሬ ያላቸው እንደ ኤችኤስ-6 እና አኩሬት ቁጥር 7 ያሉት ግን እንደ ውሃ ይወርዳሉ። እኔ ለ.32 ቤተሰብ እነሱን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ስህተቱም በትንሽ ቀለህ ይገዝፋል። 0.2 ግሬን (ባሩድና አረር የሚመዘኑበት ትንሽ የክብደት መለኪያ) ከ20 ግሬን ላይ 1 በመቶ ነው። ከ3 ግሬን ላይ ግን 7 በመቶ ሊጠጋ ነው። .327 ደግሞ በአሜሪካው የደረጃ ተቋም በሳሚ የተፈቀደለት የግፊት ጣሪያ 45,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ የ.357 ማግነም 35,000 ነው። ቀለሁ ትንሽ ስለሆነ ረጋ ያለ ነው ብለህ አትገምት። ሚዛንህን በመፈተሻ ክብደት አረጋግጥ፣ በየጊዜውም እየሰፈርክ መዝን።

አንድ ባሩድ ብቻ ልግዛ ካልከኝ አሊያንት 2400 እልሃለሁ። ወደ ላይ ሲሄድ ከኤች 110 ብዙም አይርቅም። ወደ ታች ስትወርድ ደግሞ እንደ እሱ አያኮርፍም። በጣም ለስላሳ ጥይት ግን በእሱም አይሠራም። ዊንቸስተር 296 ብትገዛ ምንም አዲስ ነገር አታገኝም፤ ከኤች 110 ጋር አንድ ባሩድ ነው። ሊል ገን የሚባለው ባሩድ ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በርሜሉን በጣም ያግላል የሚሉ ተኳሾች ብዙ ናቸው። እኔም በአጭር በርሜል ላይ ደጋግሜ አልተኩስበትም።

በአጭር በርሜል ቀርፋፋ ባሩድ ስትተኩስ አፈሙዙ ላይ ትልቅ ነበልባል ታያለህ። ድምፁም ጆሮ ይበሳል። ያም ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ፍጥነት የሚሰጠው እሱው ነው። እንግዲህ ፍጥነቱን ከነጫጫታው መውሰድ ወይም መተው ያንተ ፈንታ ነው።

ለኤች 110 የቀለሁን አፍ ወደ ውስጥ ጠበቅ አድርገህ እጠፍ፤ ክሪምፕ የምንለውን። ይህ ለአነዳደዱ ይረዳል። አረሩም ሽጉጡ ሲተኮስ ወደ ኋላ በሚገፋው ኃይል እየተንሸራተተ ወጥቶ ሲሊንደሩን እንዳይቆልፍ ይይዘዋል። ፕራይመሩ፣ ማለትም ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለው ቆብ፣ መመሪያው የጠቀሰው ዓይነት ይሁን፤ እንደ ልብህ አትቀይረው።

መጠኑን ሆን ብዬ እዚህ አልጻፍኩም። ከሰው አፍም አትቀበል፣ ከእኔም ጭምር። የባሩዱ አቅራቢ ወይም የአረሩ አምራች ያወጣውን ሠንጠረዥ ክፈት። የአረሩ ክብደትና ዓይነት ከያዝከው ጋር አንድ መሆኑን እይ። 100 ግሬን የእርሳስ አረርና 100 ግሬን የመዳብ ልባስ ያለው አረር አንድ አይደሉም። ከዝቅተኛው መነሻ ጀምረህ ቀስ እያልክ ውጣ። ኤች 110ን ግን ባለ 3 በመቶው ደንብ ይገዛዋል።

ለስላሳውን ጥይት ደግሞ በ.32 ኤች ኤንድ አር ማግነም ቀለህ ብትሞላው ይሻልሃል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ነው፣ ካንተ ሽጉጥ በደህና ይተኮሳል፣ ቀለሁም ያጥራል። ስለዚህ ጠንካራና ለስላሳው ጥይት ሳጥን ውስጥ ቢደባለቅ እንኳ በዓይንህ ትለየዋለህ። የ.327ን መጠን ግን በዚህ አጭር ቀለህ ውስጥ በጭራሽ እንዳታስገባ። አጭር ቀለህ ደጋግመህ ከተኮስክ በኋላም የሲሊንደሩን ጉድጓዶች በብሩሽ ጥረግ፤ የሚቀረው ጥላሸት ረጅሙ ቀለህ እንዳይገባ ያግደዋል።

ስትሞላ ጠረጴዛው ላይ አንድ የባሩድ ጣሳ ብቻ ይኑር። ስትጨርስ መስፈሪያው ውስጥ የቀረውን ወደ ራሱ ጣሳ መልስ፣ የሳጥኑም ክዳን ላይ ባሩዱን፣ መጠኑን፣ አረሩንና ቀኑን ጻፍ። የያዝከው አረር ስንት ግሬን እንደሆነና ዓይነቱን ብትነግረን ደግሞ የትኛውን ሠንጠረዥ እንደምታይ እጠቁምሃለሁ።