የአካውንት ኢሜይል ስለመቀየር የጠየቃችሁኝ

ስልክና ኮምፒውተር ስለምጠግን «አካውንቴ አልከፈት አለኝ» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል። ሲፈተሽ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ፓስወርድ አይደለም። አካውንቱ የተያያዘበት ኢሜይል ወይ ተረስቷል፣ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ የሌላ ሰው ነው። «ኢሜይል ስለመቀየር ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ አምጡ» ያልኳችሁም ለዚህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላስቀድም፦ አዲሱ ኢሜይል ገብቶ፣ ኮዱ መጥቶ፣ መሥራቱን በዓይናችሁ ሳታዩ የድሮውን አታጥፉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ፌስቡክ የከፈትኩት ድሮ በያሁ ነው። አሁን የምጠቀመው ጂሜይል ነው። እንዴት ላዛውረው?

መልስ፦ ፌስቡክህን ከፍተህ ሴቲንግስ ግባ። ላይኛው ላይ «አካውንትስ ሴንተር» የሚል ታገኛለህ። እሱን፣ ከዚያ «ፐርሰናል ዲቴይልስ»፣ ከዚያ «ኮንታክት ኢንፎ» ንካ። አዲሱን ጂሜይል ጨምር፤ ኮድ ይላክልሃል፤ አስገባው። ከዚያ አንዴ በአዲሱ ኢሜይል ገብተህ ሞክር። ሠርቶ ስታየው የያሁውን አድራሻ ከፌስቡክህ ላይ ታወጣለህ። ኢንስታግራምህም እዚያው አካውንትስ ሴንተር ውስጥ ከተያያዘ የእሱን ኢሜይል ለብቻው አረጋግጥ፤ የአንዱ መቀየር ሌላውን ላይቀይር ይችላል።

የያሁውን ነገር «ቆይ እደርስበታለሁ» አትበል። ያሁ 12 ወር ሙሉ ያልተከፈተ የኢሜይል ሳጥን ይዘጋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባለቤቶቹ ለረጅም ጊዜ ያልከፈቷቸውን አድራሻዎች ለሌሎች ፈላጊዎች ሰጥቷል። አድራሻህ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ የፌስቡክህ ፓስወርድ መቀየሪያ ኮድ የሚሄደው ለእሱ ነው።

ጥያቄ፦ አይፎን ስገዛ ሞባይል ቤት ያለው ልጅ አፕል አይዲ ከፈተልኝ። ኢሜይሉ የእኔ አይደለም፤ ፓስወርዱንም አላውቀውም። እስካሁን ምንም አልሆነም። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው እህቴ። ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ነው። ኢሜይል ማለት የቤት ካርታ ነው፤ አንቺ ቤቱ ውስጥ ትኖሪያለሽ፣ ካርታው ግን ልጁ ጋ ነው። ዛሬ ምንም አይልም። ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍተሽ እንደ አዲስ ያስጀመርሽው (ሪሴት ያደረግሽው) ቀን ግን «የዚህን አካውንት ፓስወርድ አስገቢ» ብሎ ይቆማል። ያኔ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው። እንዲህ ሆኖ የሚመጣልኝን ስልክ እኔ ልከፍተው አልችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩን ሪሴት አታድርጊ፣ ማንም እንዲያደርገውም አትፍቀጂ። ከዚያ ሴቲንግስ ገብተሽ ስምሽ ያለበትን ንኪና እስከ ታች ውረጂ። አካውንቱ የገባባቸው ስልኮች ተዘርዝረዋል። የአንቺ ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። ሌሎች የማታውቂያቸው ስልኮች ካሉ ልጁ አንዱን አካውንት ለብዙ ደንበኛ ሰጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የአንቺ ፎቶና ስልክ ቁጥሮች እነሱ ጋ፣ የእነሱም አንቺ ጋ ሊታዩ ይችላሉ። ይህን አካውንት ኢሜይል ቀይሮ ማዳን ዋጋ የለውም። ከልጁ ፓስወርዱን ተቀብለሽ ውጪበት፤ በራስሽ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር አዲስ ክፈቺ።

እሷው፦ አየሁት፣ የእኔ ስልክ ብቻ ነው ያለው። ልጁ ግን ከሱቁ ለቋል።

መልስ፦ እንግዲያው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አያስፈልግሽም። ስምሽን ነክተሽ «ሳይን ኢን ኤንድ ሴኩሪቲ» ግቢ፣ «ቼንጅ ፓስወርድ» በዪ። የሚጠይቅሽ ስልኩን በየቀኑ የምትከፍቺበትን ቁጥር ነው። እሱን አስገብተሽ አዲስ ፓስወርድ አውጪ። ቀጥሎ እዚያው ገጽ ላይ ስልክ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ተመልከቺ። የልጁ ከሆነ የራስሽን ጨምሪና የሱን አጥፊ። መጨረሻ ላይ ኢሜይሉን ወደ ራስሽ ቀይሪ። የሚመጣውን ኮድ እንድትቀበዪ አዲሱ ኢሜይል አስቀድሞ ስልክሽ ላይ ተከፍቶ ይቆይ። የግዢ ደረሰኝሽንም አትጣዪው፤ ስልኩ ከተቆለፈ አፕል የሚጠይቀው የግዢ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ቤሩት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ፌስቡኬ በሊባኖስ ቁጥር ነው የተከፈተው። ኢሜይሉን ደግሞ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት የከፈተችልኝ፣ አሁን አላገኛትም። ቁጥሩም የለም። ስልኬ ላይ ግን ፌስቡኩ አሁንም ይሠራል።

መልስ፦ እንኳን ለሀገርሽ አበቃሽ። ስልክሽ ላይ እየሠራ ከሆነ ነገሩ ገና በእጅሽ ነው። ኮድ የሚልክልሽ ቦታ ስለሌለ «ሎግ አውት» የሚለውን እንዳትነኪ። መተግበሪያውንም አታጥፊ፣ ስልኩንም ለሰው አትስጪ። ዛሬውኑ በራስሽ ስም ጂሜይል ክፈቺ፣ ፓስወርዱን ደብተር ላይ ጻፊ። ከዚያ ለመጀመሪያው ጠያቂ ባሳየሁት መንገድ ገብተሽ ጂሜይሉንም የኢትዮጵያ ቁጥርሽንም ጨምሪ። የቆየውን ፓስወርድ ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ከረሳሽው ተረጋግተሽ የምታስታውሺውን ሞክሪ፣ ደጋግመሽ ግን አትገምቺ። ሁለቱም ከገቡ በኋላ የሊባኖሱን ቁጥር አውጪው። የስልክ ድርጅቶች አገልግሎት ያቆመ ቁጥርን ለሌላ ደንበኛ ይሸጣሉና አንድ ቀን ኮድሽ የማታውቂው ሰው ስልክ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አሁንም ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ኩዌት ያላችሁ፣ ይህን ሥራ የቲኬት ቀን ሳይደርስ፣ የዚያ ሀገር ሲም በእጃችሁ እያለ ጨርሱት። ኢሜይላችሁንም ራሳችሁ ክፈቱት። ለደላላም፣ ለአሠሪም፣ ለጓደኛም አትተዉት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጂሜይሌ ሲከፈት ስሜ ተሳስቶ ተጻፈ። ልቀይረው እችላለሁ?

መልስ፦ እርስዎ የሚሉት ሰዎች ደብዳቤዎ ላይ የሚያዩትን ስም ከሆነ ቀላል ነው፣ ከሴቲንግ ይስተካከላል። አድራሻውን ራሱን ከሆነ ጉግል አካውንትዎ ገብተው «ፐርሰናል ኢንፎ»፣ ከዚያ «ኢሜይል» የሚለውን ይዩ። መቀየር የሚያስችል ምርጫ ካላገኙ አዲስ ይክፈቱና የድሮው የሚደርሰውን ሁሉ ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ያድርጉት። የድሮውንም አልፎ አልፎ ይክፈቱት። ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንትን ሊያጠፋ ይችላል። ስህተቱ የነጥብ ብቻ ከሆነ ግን አያስቡ፤ ጂሜይል ከስሙ መሃል ያለን ነጥብ አይቆጥርም።

ጥያቄ፦ የጉግል ሪከቨሪ ኢሜይሌን (አካውንቱ አልከፈት ሲል ማስመለሻውን) ትናንት ቀየርኩ። ዛሬም ኮዱን ወደ ድሮው ልላክ ይላል። አልተቀየረም ማለት ነው?

መልስ፦ ተቀይሯል። ጉግል ለ7 ቀን ያህል የድሮውንም እንደ አማራጭ ያቀርባል። ሌባ ቢቀይርብህ መመለሻ እንዲኖርህ ነው።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። ሊንክድኢን፣ ኮርሶች፣ ጉግል ድራይቭ፣ ሁሉም በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የት የት እንደተመዘገብክ ከማስታወስ ኢሜይሉን ራሱን ጠይቀው። መፈለጊያው ላይ «ዌልካም»፣ «ቬሪፋይ»፣ «ሪሲት» የሚሉትን በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ ጻፍ። የተመዘገብክበት አብዛኛው ቦታ ይወጣል፤ የረሳኸው ሁሉ ሳይቀር። ሊንክድኢን ከአንድ በላይ ኢሜይል ይቀበላል፤ የግልህን ጨምረህ ዋናው አድርገው። ሰርተፊኬቶችህን አውርደህ አስቀምጥ። የድራይቭ ፋይሎችህን ወደ ግል አካውንትህ ገልብጥ፤ ሼር ብቻ ብታደርጋቸው ዩኒቨርሲቲው አካውንቱን ሲዘጋ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። የመመረቂያ ጽሑፍህ እዚያ ካለ ከእሱ ጀምር።

የመሥሪያ ቤት ኢሜይል የምትጠቀሙም ያው ናችሁ። ሥራ የለቀቃችሁ ቀን ከሰዓት ላይከፈትላችሁ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢንስታግራሜን ሃክ አድርገው ኢሜይሉን ቀየሩት። አለቀ?

መልስ፦ ላያልቅ ይችላል። ኢሜይል ሲቀየር ኢንስታግራም ለድሮው አድራሻ መልእክት ይልካል፤ ውስጡ ለውጡን የሚሽር ሊንክ አለው። ስፓም ውስጥም ፈልጊው። ከዚያ በፊት ግን የኢሜይልሽን ፓስወርድ ቀይሪ፤ ሌባው እዚያም ከገባ የምታደርጊውን ሁሉ እያየ ይቀድምሻል። የኢሜይልሽ ሴቲንግ ውስጥ ደብዳቤሽን ወደማታውቂው አድራሻ የሚያስተላልፍ ነገር ካለም አጥፊ። «በብር አስመልስልሻለሁ» የሚሉ ኮሜንት ላይ ይርመሰመሳሉ። አንዱንም አትመኚ። ኮድ ከጠየቀሽ ሌባ ነው።

ጥያቄ፦ ዲቪ ኢንተርኔት ቤት ነው የሞላሁት። ፎርሙ ላይ ያለው ኢሜይል የሞላልኝ ልጅ የራሱ ነው። አሁን በእኔ መቀየር ይቻላል?

መልስ፦ አንዴ የተላከ የዲቪ ፎርም አይታረምም። ለማስተካከል ብለህ ሁለተኛ እንዳትሞላ፣ ሁለቴ መሙላት ውድቅ ያደርጋል። ግን አትደንግጥ። የአሜሪካ መንግሥት ዕጣው እንደደረሰህ በኢሜይል አይነግርህም። ውጤት የሚታየው በራሱ ድረ ገጽ፣ በኮንፈርሜሽን ቁጥርህ፣ በአያትህ ስም ወይም ፎርሙ ላይ በቤተሰብ ስምነት በተሞላው ስምና በልደት ዓመትህ ነው። ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ያዝ። ኢሜይሉ የሚያስፈልገው ቁጥሩ ሲጠፋ ነው፤ የጠፋ ቁጥር የሚፈለግበት ገጽ ፎርሙ ላይ የተሞላውን ኢሜይል ይጠይቃል። ስለዚህ የልጁን ኢሜይል አድራሻ ፊደል ሳትስት ጽፈህ ያዝ። ሌላ ጊዜ ስትሞላ የራስህን ስጥ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ፓስወርድ ነበረኝ፣ ረሳሁት። ኢሜይልም አላስገባሁም።

መልስ፦ በአንዱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ክፍት ከሆነ፣ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» (ያንን ፓስወርድ ያወጣህበት ቦታ) ውስጥ ፓስወርዱ እንዲነሳልህ ጠይቅ። 7 ቀን ያስጠብቅሃል። ሲነሳ አዲስ አውጣ፣ ያኔ ኢሜይል አስገባበት። የትም ክፍት ካልሆነ የሚቀርህ አካውንቱን እንደ አዲስ ማስጀመር ነው፤ ቻትህ ግን አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ማይክሮሶፍት ላይ የድሮው ኢሜይልም ስልክም ስለሌሉኝ ሁለቱንም በአዲስ ተካሁ። 30 ቀን ጠብቅ አለኝ። ማፍጠኛ አለው?

መልስ፦ የለውም። መጠበቅ ነው። በመሃል የድሮው ሲም ከተገኘ ግን በእሱ ገብተህ ጥያቄውን መሰረዝ ትችላለህ።