ጓንቱ ይነካል፣ ይዳስሳል ወይስ ያሰማል?

ጥያቄ፦ ስለ ቪአር (በኮምፒውተር የሚፈጠር ምናባዊ ዓለም) ጓንቶች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በምስል ብቻ ያለ ኳስ ስንይዝ ጓንቱ የእውነት የያዝነው ያህል እንዲሰማን ያደርጋል። «ስሜት የሚያሰማ ለስላሳ ጓንት» ብዬ ብጽፍ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «የሚዳስስ» ልበለው? ደግሞስ ጓንት ይለበሳል?

መልስ፦ ጓደኞችዎ ወደው አልሳቁም። «ተሰማኝ» ለጆሮም ለገላም ይሆናል፤ ጩኸትም ሕመምም ይሰማናል። «አሰማ» ግን የጆሮ ብቻ ነው። ሰው ዜማ ያሰማል እንጂ ሕመም አያሰማም። ስለዚህ አንባቢዎ ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት ጓንት ነው የሚመጣበት።

«የሚዳስስ»ም አያስኬድም። መዳሰስ ፍለጋ አለበት፤ በጨለማ ማብሪያ ማጥፊያውን ስንፈልግ የምናደርገው ነው። እዚህ የሚዳስሰው እጅዎ ነው፤ ጓንቱ መልስ ሰጪ ነው። «ስሜት የሚሰጥ» ካሉም ደስታና ሐዘን ይገባበታል። እኔ ብሆን «የንክኪ ስሜት የሚፈጥር ጓንት» እላለሁ። ረዘም ይላል፤ ግን አያሳስትም።

ዋናው ጣጣ ከዚህ በኋላ ነው፤ ጓንቶቹ ሥራቸው ለየቅል ስለሆነ ግሳቸውም ይለያያል። ትንንሽ ሞተር ያለው ይርገበገባል፤ ስልክ ቫይብሬት እንደሚያደርገው ማለት ነው። «ንዝረት» ማለትም ይቻላል፤ «ነዘረኝ» ካሉ ግን ኤሌክትሪክ ይዞኛል ብለዋል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በፈረንጆቹ 2021 ያሳየው የሙከራ ጓንት በአየር የሚነፉ ትንንሽ ከረጢቶች አሉት፤ ጣትን ጫን ያደርጋል። በ2018 በስዊዘርላንድ የሎዛንና የዙሪክ ተመራማሪዎች የሠሩት ደግሞ ጣት ይገታል። ስስ የብረት ጥብጣቦች ጣት ሲታጠፍ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ጣቱ ምስሉ ዘንድ ሲደርስ 200 ቮልት ያህል ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸውና ድርቅ ብለው ይጣበቃሉ። ለአንድ ጣት ክብደቱ ከ8 ግራም በታች ነው። እንግዲህ ይህን «ይነካል» ብንለው ውሸት ነው፤ ይዞ ነው የሚያስቆመው።

«ለስላሳ»ንም ይጠንቀቁ። እንደ ጎማ ያለው ሲሊኮን ለስላሳ ነው። ስስ ብረት ግን ቢታጠፍም ለስላሳ አይባልም፤ «ተጣጣፊ» ይበሉት።

መልበሱን በተመለከተ፣ ጓንት ይጠለቃል ወይም ይደረጋል። ሌሎቹን የቪአር መሣሪያዎች ካነሣን፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚሆነው ይታሰራል፣ ቆዳ ላይ የሚሆነው ይለጠፋል፣ ሙሉ ልብሱ ብቻ ይለበሳል። ሁሉንም በአንድ መጥራት ከፈለጉ «ሰውነት ላይ የሚደረግ» ይበቃል።