ገብስማዋ ታውቀኛለች ወይ?

በዚህ ዓምድ የጓሮ ዶሮ ጥያቄ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መኖና ስለ በሽታ ነው። በዚህ ወር ግን አራት ሰዎች ስለ ዶሮዎቻቸው ጠባይ ጻፉልኝ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ዶሮ ሳይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ደብዳቤዎቹን በጣም ወድጃቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰባት የሐበሻ ዶሮዎች አሉኝ። አንዷ ገብስማ ከሥራ ስመለስ በሩ ድረስ እየሮጠች ትቀበለኛለች። ባሌ ሲገባ ግን ዞር ብላም አታየውም። እሱ «ዶሮ ምን ታውቃለች፣ ጥሬ ፈልጋ ነው» ይለኛል። እውነት ታውቀኛለች? (ከለቡ)

መልስ፦ ታውቅሻለች እኅቴ። ባልሽም ስለ ጥሬው አልተሳሳተም። ግን ጥሬውን የሚሰጣት የትኛው ሰው እንደሆነ ለይታ መያዟ ራሱ እኮ ዕውቀት ነው። ዶሮ ሰውን ከሰው መለየት እንደምትችል በሙከራ ታይቷል። እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። ባልሽ የጥሬውን ጣሳ ይዞ ይግባ፣ አንቺ ደግሞ ባዶ እጅሽን ከኋላው ተከተይ። ወደ ጣሳው ከሮጠች የለመደችው ጣሳውን ነው። አልፋው ወደ አንቺ ከመጣች ግን ባልሽ የሚለው ነገር ያጥረዋል። አንድ ቀን ብቻ አይበቃም፣ አራት አምስት ቀን ደጋግሙት፣ ልብስሽንም ቀይሪ።

«ምን ታውቃለች» ለሚለው ደግሞ ከጣልያን አንድ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጫጩቶችን ከተፈለፈሉ ጀምሮ ከትንንሽ የፕላስቲክ ኳሶች ጋር አሳደጓቸው። ጫጩት መጀመሪያ ያየችውን እንደ እናት ስለምትይዝ ኳሶቹን መከተል ጀመሩ። ከዚያ ኳሶቹን እያዩ ከሁለት መጋረጃ ጀርባ ደበቁባቸው፣ ጥቂቱን ከአንዱ መጋረጃ ወደ ሌላው አንድ በአንድ አዛወሩ፣ ከዚያ ለቀቋቸው። ጫጩቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሄዱት ብዙ ኳስ ወደ ተደበቀበት ነው። ማለትም የወጣውንና የገባውን በጭንቅላታቸው ይዘው ነበር። የጥቂት ቀን ጫጩት እኮ ናት!

የቀሩትን ስድስቱን ደግሞ እስቲ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብለሽ እያቸው። አዲስ ነገር ስትጥዪላቸው፣ የሐብሐብ ልጣጭ እንበል፣ አንዷ ቀድማ ትነቁረዋለች፣ አንዷ እሷ እስክትቀምስ ቆማ ታያለች፣ ሌላዋ ሁሉም በልተው እስኪበተኑ አትጠጋም። በሳምንቱ ድገሚው፤ ብዙውን ጊዜ ደፋሯ ያቺው ናት፣ ፈሪዋም ያቺው ናት። ይህ ጠባይ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ጥያቄ፦ ከገበያ ሁለት ቄቦች ገዝቼ ከአራት ነባር ዶሮዎቼ ጋር ቀላቀልኳቸው። ነባሮቹ እየነቆሩ ጭንቅላታቸውን አደሟቸው። ለምን እንዲህ ይጨክናሉ? ምንስ ላድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ የደሙትን ዛሬውኑ ለያቸው፣ ምክንያቱም ዶሮ ቀይ ነገር ካየች መንቆሯን አታቆምም። ጭካኔ ግን አይደለም ወንድሜ። ዶሮዎችህ ማን ከማን በፊት እንደሚበላ፣ ማን ቆጡ ላይ የቱ ጋ እንደሚያድር ጨርሰው የተስማሙ ናቸው፤ አንተ ደግሞ ደረጃቸው የማይታወቅ ሁለት እንግዳ አመጣህባቸው። ይህን ሥርዓት ለሳይንስ የገለጠው ቶርሌይፍ ሼልዴሩፕ-ኤቤ የሚባል ኖርዌያዊ ነው። ልጅ ሆኖ የቤታቸውን ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር እየመዘገበ ይውል ነበር፣ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1922 አሳተመ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ዶሮ ደረጃዋን የምታውቀው ተደባድባ ብቻ ሳይሆን አይታም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ አለቃዋ በእንግዳ ዶሮ ስትሸነፍ ቆማ ያየች ዶሮ ከዚያች እንግዳ ጋር ስትገናኝ ልግጠምሽ አላለችም። «አለቃዬን ካሸነፈች እኔንማ» ብላ አስባ ነው እንዳልል የዶሮን ሐሳብ በሰው ቃል መናገር ይሆንብኛል፣ ያደረገችው ግን በትክክል ያንን ነው።

ስለዚህ ቄቦቹ ቁስላቸው እስኪድን ቢያንስ አንድ ሳምንት በወንፊት ሽቦ ተለይተው ይቀመጡ፣ እየተያዩ። ከዚያ ማታ ሁሉም ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ አምጥተህ አስገባቸው። ሲነጋ መኖና ውሃ ሁለት ሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ መሸሸጊያ የሚሆን ሣጥን ወይም ጣውላም ይኑር። ትንሽ መነቋቆር አይቀርም፤ ደም እስካልወጣ ድረስ ጣልቃ አትግባ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 68 ነው። ሦስት አውራ ዶሮዎች ነበሩኝ። ሌሊት ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጮኸው ትልቁ ነበር። እሱን በሸጥኩ ማግሥት ሁለተኛው ቀዳሚ ሆነ። አጋጣሚ ነው ወይስ ተራ አላቸው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎ ጓሮዎ ቆመው ያዩትን የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈውታል። አውራ ዶሮዎች አንድ ላይ ሲኖሩ ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ ነው፣ የቀሩት በደረጃቸው ይከተላሉ፤ የበላዩ ሲወሰድ ሁለተኛው ቦታውን ይይዛል። እነዚሁ ሰዎች ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ደግሞ አውራ ዶሮ ብርሃን ሳያይ እንኳ ሊነጋ ሲል እንደሚጮኽ፣ ሰዓቱ በውስጡ እንዳለ አሳይተው ነበር። ዶሮ ሲጮኽ ተነስተው መንገድ የጀመሩ አባቶቻችን የተማመኑበት ሰዓት ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ጭልፊት ሲያንዣብብና ሸለምጥማጥ ወይም ውሻ ሲጠጋ አውራው የሚያሰማው ድምፅ አንድ አይደለም። ለሰማዩ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፣ ለምድሩ የተቆራረጠና የሚደጋገም። ክሪስ ኢቫንስ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ድምፁን ቀድተው፣ ምንም ጠላት በሌለበት፣ ለዶሮዎች አሰሙ። የጭልፊቱን ሲሰሙ አጎንብሰው ወደ ላይ አዩ፣ የምድሩን ሲሰሙ አንገታቸውን አስግገው ዙሪያቸውን ቃኙ። በሌላ በኩል ጥሬ ሳይኖር «ኑ ብሉ» እያለ የሚጠራ አውራ አለ። ደጋግሞ ካታለላቸው እንስቶቹ መምጣት ያቆማሉ። «ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፣ በዚህኛው ግን ዶሮዋ ትበልጠዋለች።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ለአንዲት ቀይ ዶሮ ስም አውጥታላታለች፣ አቅፋት ነው የምትውለው። ለፋሲካ ልናርዳት ነበር የገዛናት። ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አትረዷት። ለበዓሉ ሌላ ግዙ፣ ያውም ገዝታችሁ ሳታሳድሩ። ከመጀመሪያው የሚታረደውንና የሚያድገውን መለየት ነው እንጂ ልጅ ስም ካወጣችለት በኋላ «ዶሮ እኮ ናት» ማለት ለልጅቷ ከባድ ነው፣ ልክም አይደለም። እርዱም ከልጅቷ ብቻ ሳይሆን ከሌሎቹ ዶሮዎች ዓይን ቢርቅ እመርጣለሁ። የእንግሊዝ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ጫጩቶች ትንሽ ንፋስ ሲነፋባቸው ያየች እናት የልብ ምቷ ጨምሮ፣ ላባዋን ማበጠሯን ትታ፣ እነሱን መጣራት ጀምራለች። እሷን ግን ማንም አልነካትም ነበር።

ቀይዋ ትኑር፣ እንቁላል ትስጣችሁ። አውራ ዶሮ ካላችሁና መታቀፍ ከፈለገች ደግሞ ከልክ በላይ አትከልክሏት። 21 ቀን ነው። ሃያኛው ቀን ላይ ልጅሽን ቀስ ብለሽ አጠገቧ አስቀምጫት፣ ዝም በይም በያት። እንቁላሉ ሳይሰበር ከውስጥ ቀጭን የጫጩት ድምፅ ትሰማለች፣ እናትየዋም ዝቅ ባለ ድምፅ ስትመልስላቸው።