ሕዋስ ከሕዋስ ይሠራል እንዴ?

ጥያቄ፦ «ልጄ "ምላስ ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት አንዱ ነው" ብላ አጠናች። በማግስቱ ደግሞ "ምላስ ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ ነው" አለችኝ። ሕዋስ ከሕዋስ ይሠራል እንዴ? "ሴል" ብንለው አይሻልም?»

መልስ፦ ልጅዎ ጎበዝ ናት። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አንዱን ቃል ሁለት ሸክም ጫንበት። በግእዝ «ሕዋስ» ማየት፣ መስማት፣ መቅመስ የመሳሰለው ነው። ዐረብኛም «ሐዋስ» ሲል እነዚሁኑ ነው። ሳይንሱ በኋላ መጥቶ ተደረበበት፤ አካል የተሠራበትን ጥቃቅን ክፍል፣ «ሴል»ን፣ «ሕዋስ» አለው።

«ሴል»ስ ከየት መጣ? እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ቡሽ በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ አየ። የማር እንጀራ የመሰሉ ባዶ ክፍሎች ታዩት። እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ «ሴል» አላቸው። ላቲኑ «ሴላ» ነው፤ ትንሽ ክፍል፣ የመነኩሴ ማደሪያም ጭምር። ቡሹ የሞተ ስለነበር ሁክ ያየው ግድግዳውን ብቻ ነው። ዐረቦች «ኸሊያ» አሉት፤ ቀፎም ማለት ነው። እኛ ደግሞ «በኣት»፣ የመነኩሴ ማደሪያ፣ የሚል ቃል ነበረን! ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?

አንድ ባልደረባዬ ይሟገተኛል። «ሕዋስ የተባለው "ተሐውሰ"፣ ተንቀሳቀሰ፣ ከሚለው ነው፤ ሕይወት ስላለው» ይላል። «ተሐዋስያን»ን ከዚያ ያምጣ፣ እሺ። ግን የሽንኩርት ሕዋስ ወዴት ይሄዳል? የሽንኩርቱን ስስ ልባስ በጥፍርዎ ገፈው፣ አዮዲን ጠብ አድርገው በማይክሮስኮፕ ይዩት። እንደ ጡብ ተደርድሯል። በየጡቡ ውስጥ አንድ ቡናማ ነጥብ አለ፣ ኒውክለሱ፣ የሕዋሱ አስኳል፣ ነው። ንቅንቅ አይልም። «አዮዲኑ ገድሎት ነዋ!» አለኝ ባልደረባዬ። እሱ ላይስ እውነቱን ነው።

«በኣት»ን ክፍል ውስጥ ሞክሬው ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። መጻሕፍቱ «ህዋስ» ብለው ጨርሰዋል፣ ላቦራቶሪው «ነጭ የደም ሴል» ይላል። ሁለቱም ገብተዋል፣ ማንም አያወጣቸውም። «ሴል» ቢሉ አልቆጣም፤ ደስ ግን አይለኝም። ለልጅዎ፣ ምላስን «የስሜት አካል» ይበሉላት፣ «ሕዋስ»ን ለጥቃቅኑ ይተዉት። ያኔ ግጭቱ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን አልለቅም፤ ቃሉ በሐመሩ ሐ ይጻፍ። በሃሌታው ሀ «ህዋስ» የሚለው እንደተስፋፋ አይቻለሁ። እኔ «ሕዋስ» እያልኩ እቀጥላለሁ፣ የዚህ ዓምድ አራሚ ካልቀየረብኝ።