ከፒቱታሪ ኦፕራሲዮን በኋላ ሶዲየም እንዳይወርድ፦ ሲስተርን ጠይቁ

የነርቭ ቀዶ ሕክምና ነርስ ነኝ። ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እመልሳለሁ። ሐኪማችሁ ያዘዘውን አልሽርም።

የፒያሳው፦ ሲስተር፣ አባቴ በአፍንጫው በኩል ተሠርቶ በ4ኛው ቀን ወጣ። ደህና ነው። ሶዲየም ይወርዳል የሚሉት ምንድነው?

ሲስተር፦ ደህና መሆናቸው ነው የሚያዘናጋው። ሶዲየም በደም ውስጥ ያለው ጨው ነው። ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር ያለች እጢ ናት፤ የኋላ ክፍሏ ቫዞፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ያከማቻል። ሥራው ውሃ በሰውነት ማስቀረት ነው። ኦፕራሲዮን ሲነካካው ያከማቸውን ያለ ልክ ሊለቅ ይችላል። ያኔ ኩላሊት ውሃ አላስወጣም ይላል። የጠጡት ሁሉ ደም ውስጥ ቀርቶ ሶዲየሙን ያቀጥነዋል። ብዙ ጊዜ ከ4ኛው እስከ 10ኛው ቀን ነው፤ ማለትም ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ ጠያቂ ሲጎርፍ። 7ኛው ቀን ላይ ሶዲየም አሠሩ። ጤነኛው ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል በሊትር ነው።

ከካዛንቺስ፦ ውሃ ስንት ይጠጣ?

ሲስተር፦ ብዙ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ያህል በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ያዛሉ። ጠዋት ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉና ከዚያ ብቻ ቅዱ። ሻይ፣ ሾርባ፣ ጁስ፣ አጥሚት፣ ሁሉም ይቆጠራል። ሻይ ከጠጣ ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ ድፉ። የኛ ሰው «ደም ፈሶህ፣ ጠጣ እንጂ» ማለት ይወዳል። አንዱ በሽተኛዬ እናቱ በፔርሙዝ አጥሚት እያመላለሰች ሶዲየሙ 118 ሆኖ ተመለሰ። እናቱን እንኳ አላወቃትም ነበር። ግን ሽንቱ ከበዛና ጥሙ አላስቀምጥ ካለው ሌላ ችግር ነው፤ ውሃ አትከልክሉት፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

የመርካቶዋ፦ ጨው ብናበዛለትስ?

ሲስተር፦ የበዛው ውሃው ነው። የጨው ክኒን ሐኪም ካዘዘ ብቻ።

የጊዮርጊሱ፦ ጠበል ልንወስደው ነበር። በባዶ ሆድ ሦስት ሊትር ይጠጣል።

አራዳው፦ ውሃ እኮ ነው ወንድሜ።

የጊዮርጊሱ፦ ጠበልን ከውሃ ጋ አታወዳድር!

የመርካቶዋ፦ ተዉት፣ አጎቴ በጠበል ነው የዳነው።

ሲስተር፦ እምነታችሁን አልነካም። ግን ኩላሊት የተባረከውን ካልተባረከው አይለይም። ይቅመስ፣ በጣሳ አይጠጣ። ለካህኑ ንገሩ፣ ይረዱታል። አሁን ወደ ጥያቄው።

ከአራት ኪሎ፦ ወንድሜን ራሱን ያመዋል። ምን ይሻላል?

ሲስተር፦ ስንተኛ ቀኑ ነው? ሶዲየሙ ስንት ነው? እንዲህ እየጠየቃችሁ ምን ልበል? ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ፣ ከተንቀጠቀጠ ግን የኔን መልስ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አራዳው፦ ፕሬድኒሶሎኑ ፊቴን አሳበጠኝ፣ ልተወው?

ሲስተር፦ በራስህ? በፍጹም! ፕሬድኒሶሎን ኮርቲዞል የሚባለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት ነው። ኮርቲዞል ሲጎድልም ሶዲየም ይወርዳል፣ ሰውም ይገድላል። ሐኪምህን ጠይቅ።

የቦሌዋ፦ ባለቤቴ ሶዲየሙ 120 ሆኖ ሆስፒታል ተኝቷል። ቀስ እያሉ ነው ሶዲየሙን ከፍ የሚያደርጉለት፣ ቸል ብለውት ይሆን?

ሲስተር፦ አይደለም እህቴ፣ ሆን ብለው ነው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 10 በላይ ከዘለለ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። አታጣድፊያቸው።

ከጎተራ፦ ሲስተር፣ ውሃ ስንት ይጠጣ?

ሲስተር፦ ወደ ላይ አንብብ።

የፒያሳው፦ 7ኛው ቀን እሁድ ላይ ዋለ። የሰፈራችን ላብራቶሪ ዝግ ነው።

ሲስተር፦ ቅዳሜ አሠሩት። ውጤቱን ያኔውኑ ለሐኪሙ ንገሩ፣ ሰኞን አትጠብቁ።