ጸልዮ የተሸነፈው ልጅ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል። በቅርቡ «ዘ ሂል» የሚለውን ፊልም አብረን አየን። እግሩ ታሞ በብረት ድጋፍ ይሄድ የነበረ የአንድ ሰባኪ ልጅ ቤዝቦል ተጫዋች ሲሆን የሚያሳይ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ኮፍያው ላይ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» ብሎ ጻፈ። ሳይጸልይም ሜዳ አይገባም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ተሸነፉ። «ጸልዬ ነበር እኮ! ለምን?» ብሎ አለቀሰ። መልስ አጣሁለት። ባለቤቴ ደግሞ «የፕሮቴስታንት ፊልም ስላሳየሽው ነው» ይለኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው? ጨዋታ እሑድ ሲውልስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ከባለቤትዎ ልጀምር። ሥጋታቸው ይገባኛል። የፊልሙ አባት የባፕቲስት ሰባኪ ነው፤ ትምህርቱም የእኛ አይደለም። ግን ልጁን ብቻውን ስክሪን ፊት አልተዉትም፤ አብረውት ነው ያዩት። ስለዚህ ጥፋት አልልዎትም። ይልቅ ቁጭ ብላችሁ ተወያዩበት። ያ አባት ልጁ ሰባኪ ካልሆነ ብሎ ከጨዋታ ሲከለክለው አይታችኋል። እኛም ቤት «ልጄ ሐኪም ካልሆነ» የሚል አባት ሞልቷል። በዚያ በኩል ለአባቶችም ጥሩ ፊልም ነው።

የልጅዎ ጥያቄ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ፊልም ሁለት ሰዓት ነው፤ በድል ካላለቀ ተመልካቹ ይከፋዋል። የፊልሙ ባለታሪክ፣ እውነተኛው ሪኪ ሂል፣ ሞንትሪያል ኤክስፖስ ከተባለው ቡድን ጋር ከፈረመ በኋላ በታችኛው ሊግ ተጫወተ እንጂ ዋናው ሊግ ድረስ አልዘለቀም። ይህን ለልጅዎ ይንገሩት። ከዚያም ይጠይቁት፦ «ዋናው ሊግ ስላልገባ እግዚአብሔር ትቶታል ማለት ነው?» መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱስ ይክፈቱለት። ኮፍያው ላይ ያለው ጥቅስ ፊልጵስዩስ 4፥13 ነው። ከእሱ በፊት ያለውን 12ን ያንብቡለት። «መዋረድንም አውቃለሁ መብዛትንም አውቃለሁ» ይላል፤ መጥገብንና መራብንም ተምሬአለሁ ይላል። ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ እስር ላይ ነበር። «ሁሉን እችላለሁ» ያለው መራቡንም፣ መታሰሩንም እችለዋለሁ ማለቱ ነው። ስለዚህ ጥቅሱ ከኮፍያው አይፋቅ። ቅዳሜ ለቅሶ ላይ ሳለም ይሠራለት ነበርና።

ደግሞ ቤዝቦል ራሱ ሽንፈት የበዛበት ጨዋታ ነው። ከአሥር ሙከራ ሦስቱን አሳክቶ የሚመታ ሰው ጎበዝ ይባላል፤ ሰባት ጊዜ አልተሳካለትም ማለት ነው። እንግዲህ በሳተ ቁጥር እምነቱን የሚጠራጠር ልጅ እንዴት ይዘልቃል?

ይጸልይ ወይ ካሉኝ፣ አዎ፣ ይጸልይ። ጉዳት እንዳያገኘው፣ አፉ ስድብ እንዳያወጣ፣ የቻለውን ሁሉ እንዲያደርግ ይጸልይ። «አሸንፋለሁ ብዬ እመኛለሁ» ብሎ ለአምላኩ ቢነግረውም ነውር የለውም፤ ልጅ ለአባቱ ምኞቱን አይደብቅም። ግን ወዲያ ማዶ ያለው ቡድን ውስጥም የሚጸልይ ልጅ አለ። የእኛዋ ሯጭ መሠረት ደፋር እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ላይ 5000 ሜትር አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ስታሳይ ሁላችንም አልቅሰናል። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ቤጂንግ ላይ ነሐስ ስታገኝም አምላኳ ያው ነበር።

ወደ እሑድ ልምጣ። ቅዳሴ ይቀድማል። በዚህ አልደራደርም። ከሰዓት በኋላ ያለ ጨዋታ ግን ከቅዳሴ መልስ ቢጫወት አልከለክልም። ችግሩ ጠዋት የሚሆነው ነው።

ለዚህ የቤዝቦል ታሪክ ራሱ ምሳሌ አለው፤ ሰውየው ክርስቲያን ባይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1965 «ወርልድ ሲሪስ» የሚባለው የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ከአይሁድ የማስተስረያ ቀን ጋር ገጠመ። የዶጀርስ ቡድኑ አይሁዳዊ ሳንዲ ኩፋክስ በዘመኑ ከኳስ ወርዋሪዎች ሁሉ የላቀ ነበር። ያን ቀን አልጫወትም አለ። በእሱ ቦታ ዶን ድራይስዴል ገባ፤ 8 ለ 2 ተሸነፉ። በማግስቱ ኩፋክስ ራሱ ወረወረ፤ እንደገና ተሸነፉ! ኋላ ላይ አምስተኛውንና ሰባተኛውን ጨዋታ አሸንፎ ቡድኑ ዋንጫ ወሰደ። ሰባኪዎች ዋንጫውን ነው የምንወደው። ለልጅዎ ግን እነዚያን ሁለት ሽንፈቶች ይንገሩት። በዓሉን ማክበሩ አስከፍሎታል፤ ዋንጫ እንደሚመጣም ያን ቀን አያውቅም ነበር።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ልጅዎ በቆረበበት ቀን ጨዋታ የለም። ከሥጋ ወደሙ በኋላ መትፋት፣ መሮጥ፣ ማላብ፣ ገላ መታጠብ እንደማይገባ ያውቃሉ። ቤዝቦል ደግሞ የሱፍ ፍሬ እያኘኩ ልጣጩን እንትፍ እንትፍ የሚሉበት ሜዳ ነው። ወድቆም ይቆስላል። ስለዚህ የሚቆርብበትን ቀን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ወስኑ። የውድድሩ ፕሮግራም ሲወጣ ለአሰልጣኙ «በነዚህ ቀናት ልጃችን አይኖርም» ብላችሁ ንገሩት። በጨዋታው ዋዜማ ከሚሰማ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻለዋል። ፍልሰታንም አትርሱ፤ ነሐሴ 1 ነው የሚገባው፣ በእናንተ ኦገስት 7። ለአሰልጣኙ ሊነግሩ ሲሄዱ ባለቤትዎም አብረው ይሂዱ፤ ልጁ አባቱን ሜዳው ዳር ቢያየው ደስ ይለዋል።