ስለ ጤና አዳም ለጠየቁት እህቴ፦ ከመከርከምዎ በፊት ይህን ያንብቡ

ውድ እህቴ፣ ትናንት ያቀረቡትን ጥያቄ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ገዝተው በኮንዶሚኒየም በረንዳዎ ላይ የተከሉት ጤና አዳም በክረምቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖብዎታል፤ እውነተኛው ጤና አዳም መሆኑንም ተጠራጥረዋል። ዝናቡ ሲያቆም ሙሉ በሙሉ ሊከረክሙት አስበዋል፤ ቁርጠት ለሚያሠቃየው የሦስት ወር ልጅዎም ቅጠሉን አፍልተው ቢሰጡት ይጎዳው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እንደ እርስዎ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ ጤና አዳም ማብቀል ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። «ጤና አዳም ምን ጉዳት አለው፣ ይከርክሙትና ይታደሳል» ብለው የመለሱልዎትን የቡድናችንን አባላት በጎ ሐሳብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን እኔን ሁለት እጆቼን ለሦስት ሳምንት ያሳጣኝ ይኸው ምክር ነው።

1. ስለ መለየት። ሽታውን የሚያውቅ ሰው አይሳሳትም፤ ነገር ግን ሽታ ብቻ አይበቃኝም ካሉ አንዲት ቅጠል ወስደው ወደ ብርሃን ያንሱና ይመልከቷት። በመርፌ የተወጋች የሚመስሉ ጥቃቅን ብርሃን አሳላፊ ነጠብጣቦች ካዩባት እነዚያ ዘይቱ የሚጠራቀምባቸው ከረጢቶች ናቸው። በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይም ይገኛሉ፤ ጤና አዳም ከእነርሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነውና። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሆኖ በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። አበባው ቢጫ ነው፤ አብዛኛው አበባ አራት መልካበባ (ቢጫዎቹ የአበባ ቅጠሎች) ሲኖረው በዘለላው መካከል ቀድሞ የሚፈነዳው ግን አምስት አለው። የእኛው ጤና አዳም የሳይንስ ስሙ ሩታ ካሌፔንሲስ ነው፤ የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1767 እ.ኤ.አ. ይህን ስም ሲሰጠው «የሐለብ» ማለቱ ነበር፤ ሐለብ በሶርያ ያለችው ጥንታዊት ከተማ ናት። በአውሮፓ አትክልት ስፍራ የሚተከለው ዘመዱ ሩታ ግራቬዎሌንስ በቅጠል ሲታይ ሊያሳስት ይችላል፤ ልዩነቱን አበባው ይነግርዎታል። የእኛው መልካበባ ጠርዙ እንደ ነጠላ ጥለት ጫፍ በቀጫጭን ክሮች የተዘረዘረ ነው፤ የዘመዱ ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር የለውም። ከጥያቄዎ ጋር ባያያዙት ፎቶግራፍ ላይ ያየሁት አንድ አበባ ጠርዙ የተዘረዘረ ስለሆነ፣ የገዙት እውነተኛው ጤና አዳም ነው።

2. ስለ መከርከም። መከርከሙ ራሱ ትክክል ነው። ካልተከረከመ ከሥሩ ራቁቱን እየቀረ፣ እንጨት እየሆነና ወደ ጎን እየወደቀ ለዓይን ያማረ መሆኑ ይቀራል። ጥያቄው መቼና እንዴት የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ የደረሰብኝን ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ክረምቱን ጠግቦ ወገብ የደረሰውን ጤና አዳሜን ልከረክም ተነሣሁ። አቧራው እንዳያስነጥሰኝ ውኃ ረጨሁበት፤ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰበሰብኩ፤ ጓንት የሚባል ነገርም አላሰብኩም። እስከ ቀትር ድረስ የጥቅምት ፀሐይ እጆቼ ላይ እያረፈች ቆረጥኩ፣ ለቀምኩ፣ የተቆረጠውንም አቅፌ ወደ ውስጥ አስገባሁ። በዚያ ቀን ምንም አልተሰማኝም። ሰኞ ማምሻውን ሁለቱም ክንዶቼ መቅላትና መለብለብ ጀመሩ፤ ማክሰኞ ጠዋት ስነሣ በእጆቼ ጀርባና በክንዶቼ ላይ፣ ቅርንጫፎቹ በነኩኝ መስመር ልክ፣ በፈላ ውኃ የተቃጠልኩ ይመስል ውኃ የቋጠሩ ፊኛዎች ተደርድረው አገኘሁ።

በሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ከሁለት ሰዓት ጥበቃ በኋላ የገባሁበት ወጣት ሐኪም ከወንበሩ ሳይነሣ፣ እጄን በብርሃን ሳያይ፣ «አልማዝ ባለጭራ ነው» አለኝ። ከሁለት ቀን በፊት ጤና አዳም መከርከሜን ስነግረው ንግግሬን አቋርጦ «ጤና አዳም መድኃኒት ነው እንጂ አያቃጥልም፤ እዚህ የመጣሽው እኛ እንድንነግርሽ ነው» ሲል መለሰልኝ። ይህን ያለው ሌሎች ሕመምተኞች በተከፈተው በር እየሰሙ ነበር። አሳይክሎቪር የሚባለውን መድኃኒት 800 ሚሊ ግራም በቀን አምስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን እንድወስድ አዘዘልኝ። ገዛሁ፤ ሌሊት እየተነሣሁ ዋጥኩ። ለመሥሪያ ቤቴ በጻፈልኝ ወረቀት ላይ ተላላፊ መሆኑን ስለጠቀሰ፣ ነፍሰ ጡር የሥራ ባልደረባ አለችና ወደ ቢሮ እንዳልመጣ ተነገረኝ። ያለ ጥፋቴ እንደ ተላላፊ በሽተኛ ተቆጥሬ ቤቴ መዋሌ ከቁስሉ ይልቅ አሳምሞኛል።

የማይረሳኝ ነገር፣ አልማዝ ባለጭራ ብዙውን ጊዜ በአንድ የሰውነት ጎን ብቻ፣ የነርቭን መስመር ተከትሎ የሚወጣ መሆኑ ነው። የእኔ በሁለቱም እጆች ላይ ነበር፤ እጅጌዬ ከተሰበሰበበት በላይም አንዲት ነጥብ አልነበረም። ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ፤ ገና እጄን እንዳዩ «በዚያ ሰሞን ሎሚ ጨምቀሽ ወይም ቅጠል ነክተሽ ፀሐይ ላይ ቆይተሽ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በሐኪም ቤት እንደዚያ ቀን የእፎይታ እንባ አልቅሼ አላውቅም። እንዳስረዱኝ፣ በጤና አዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ በቆዳ ላይ ብቻቸውን ቢያርፉ ብዙ ጉዳት አያደርሱም፤ አልትራ ቫዮሌት ኤ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ግን የቆዳን ሕዋሳት ያቃጥላሉ። እርጥበት ፈሳሹ ወደ ቆዳ እንዲገባ ያግዘዋል፤ ስለዚህ ውኃ መርጨቴ ጉዳቱን አባብሶታል። ቃጠሎው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ስለሚወጣ ሰው ምክንያቱን ከተክሉ ጋር አያያይዘውም። ጨረሩ በተራ የመስኮት መስታወት ስለሚያልፍ፣ በመስታወት በተዘጋ በረንዳ ውስጥ መሥራትም አያድንም። ከእነዚሁ ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ሜቶክሳሌን በሐኪም ቁጥጥር፣ ከተመጠነ ጨረር ጋር፣ ለለምጽ ሕክምና እንደሚውልም ነግረውኛል። ፊኛዎቹ በሦስተኛው ሳምንት ደረቁ፤ ያስቀሩት ጥቁር መስመር ግን እስከ ፋሲካ ድረስ አብሮኝ ቆይቷል።

እናቴ ይህን ስትሰማ «ሃምሳ ዓመት ስቆርጥ አንድ ቀን አልነካኝም» አለች፤ እውነቷን ነው። እርሷ የምትቆርጠው ጠዋት በማለዳ፣ ለቡና የምትሆን አንዲት ቀንበጥ ነበር። አንዲት ቀንበጥ በጥፍር መቁረጥና ሙሉ ቁጥቋጦን በራቁት ክንድ ማቀፍ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰዎች «አይጎዳም» የሚሉትም በእናቴ ልክ ስለሚያውቁት ይመስለኛል።

ስለዚህ ሲከረክሙ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያድርጉት፤ ረጅም እጅጌና የጎማ ጓንት ይልበሱ፤ ተክሉ ደረቅ ይሁን፤ ሲጨርሱ እጅዎን፣ ክንድዎንና መቀሱን በሳሙና በደንብ ይታጠቡ። ልብሱንም ሳያጥቡ ልጅዎን አይቀፉበት። ትልልቅ ልጆች ካሉዎት በተክሉ አጠገብ በቀትር እንዳይጫወቱ፣ የተተከለበትን ድስት ከመተላለፊያው ያርቁት።

ስለ ሕፃኑ በግልጽ ልናገር። እናቶቻችን ለቁርጠት እንደሚሰጡት አውቃለሁ፤ እኔም ሳልጠጣው አላደግኩም። ሆኖም የሦስት ወር ልጅ ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃ እንኳ ሊሰጠው አይገባም፤ እስከ ስድስት ወር ድረስ ይህ ነው የሚመከረው። በጤና አዳም ላይ ደግሞ የሚጎዳውን መጠን በቡና ስኒ መለካት አይቻልም፤ ብዙ ሲሆን ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ አይስጡት፤ ሐኪም ያሳዩት። የመጀመሪያው ሐኪም ካላዳመጠዎት ሁለተኛ ይፈልጉ፤ ከእኔ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ቢወስዱ ይህን ይውሰዱ። ነፍሰ ጡር እህት ወይም ጎረቤት ካለችዎት ደግሞ ጤና አዳም አፍልታ እንዳትጠጣ ይንገሯት፤ ማሕፀንን ስለሚያኮማትር ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። እኔም በቤቴ ነፍሰ ጡር እንግዳ ስትኖር የእርሷን ስኒ ያለ ጤና አዳም አቀርባለሁ።

ለቀረነው ግን ክብሩ አይቀነስበትም። ቡና በስኒ ሲቀዳ የሚነከርባት ቀንበጥ፣ በአይብ ውስጥ ተከትፋ የምትገባዋ ቅጠል፣ ደርቆ ከኮረሪማና ከነጭ አዝሙድ ጋር በበርበሬ የሚደለዘው ፍሬ፣ ሌላ ምንም አይተካቸውም። ፍሬውን ቡናማ መሆን ሲጀምር፣ ተሰንጥቆ ዘሩን ሳይበትን ይልቀሙት። አንዳንድ ዓመት ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትል ያገኛሉ፤ በሎሚ ዛፍ ላይም የሚኖር የቢራቢሮ ልጅ ነውና በእጅ አንሥተው ያርቁት፤ መርዝ አይርጩበት፤ የሚበላ ቅጠል ነው።

አሁን ወደ ቢጫው ተክልዎ ልመለስ። እንደ እኔ በመረሬ አፈር ተክለውት ከሆነ፣ ያ አፈር ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ሥሩ በክረምት ይታፈናል። የመጀመሪያ ሦስት ችግኞቼን ያጣሁት እንዲሁ ነው፤ ቢጫ ሲሆኑ የጠሙ መስሎኝ ውኃ እጨምርላቸው ነበር። ዛሬ ማታ ድስቱን ዘንበል አድርገው ሥሩን ይመልከቱ። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ግማሽ ቀይ አፈር፣ ሩብ አሸዋና ሩብ የበሰለ ፍግ ቀላቅለው፣ ከታች በተበሳ ድስት ያዛውሩትና ዝናብ ከማይመታው ግን ፀሐይ ከሚያገኝ ጥግ ያስቀምጡት፤ የላይኛው አፈር ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ካልደረቀ ውኃ አያጠጡት። ሥሩ ቡናማና ልስልስ ከሆነ ተክሉ አይድንም። በዚያን ጊዜ ካልታመሙት ቅርንጫፎች አንድ ስንዝር የሚያህሉ አራት ወይም አምስት ቀንበጦች ይቁረጡ፤ የታችኛውን ግማሽ ቅጠላቸውን ያራግፉ፤ በእርጥብ አሸዋ ተክለው ጥላ ውስጥ ያቆዩአቸው። ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣሉ።

ዛሬ በበረንዳዬና በደረጃው መግቢያ ላይ አሥራ አንድ ድስት ጤና አዳም አለኝ፤ በሕንፃችን ካሉት ቤቶች ሰባቱ ከእኔ ቀንበጥ ወስደው አብቅለዋል። የእርስዎ ካልተረፈልዎ ይጻፉልኝ፤ ሥር ያወጣ አንድ ችግኝ፣ ከጓንቱ ጋር፣ አዘጋጅቼ አቆይልዎታለሁ።